ሳህን ላይ የቀረ መድኃኒት

ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ስልክ ይደውላል? አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን የት ጋ ቆሜ እንደደወልኩት፣ በየትኛው እጄ እንደያዝኩት፣ ውጪ ካፊያ እንደነበረ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። አንድ ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም። የምነግራችሁ የዚያን ስልክ ነገር ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትርንጎ እባላለሁ። የተወለድኩት ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አለኸኝ የሚባለው ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሰባት። እሱ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ዳንግላ ገባና ጋሪ መንዳት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ እኔንም ከተማ አምጥቶ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ጠዋት ጠዋት እህል ከመጫኑ በፊት እኔን በጋሪው አድርሶኝ ይመለስ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ «ባለ ሠረገላዋ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አባት አልነበረኝም ማለት አልችልም። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ተማርኩ። ስመረቅ ሥራ ጠፋ። ሁለት ዓመት ያህል ዳንግላ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ። ከዚያ እንጅባራ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አገኘሁ፤ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ መማር ጀመርኩ።

የጥናቴን ነገር በአጭሩ ላስረዳችሁ፤ ያለሱ ቀሪው አይገባችሁም። ባክቴሪያዎች መድኃኒት እየተላመዱ ነው። ትናንት በሦስት ቀን ክኒን ይጠፋ የነበረ ቁስል ዛሬ በመርፌም እሺ አይልም። እኔ የማጠናው ይህን የተላመደ ባክቴሪያ በሌላ መንገድ መግደል ይቻል እንደሆን ነው። መሣሪያዬ ብር ነው። ብር ስል የኪሱን አይደለም፤ ለመስቀልና ለቀለበት የሚሆነውን ማዕድን ነው። አዲስ ቅዳም አካባቢ ሰው ለከሰል የሚተክለውን ግራር ታውቁታላችሁ። የእሱን ቅጠል አጥቤ፣ አድርቄ፣ አፈላውና ውሃውን አጠልለዋለሁ። ከዚያ ብር ከሟሟበት ውሃ ጋር አዋህደዋለሁ። ቀስ እያለ መልኩ ይጠቁራል፤ የጠጅ መልክ፣ ቀጥሎ የቡና መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ ብሩ በዓይን ወደማይታዩ ቅንጣቶች ተለውጧል ማለት ነው። ናኖ ቅንጣት ይባላሉ። አንዲት ፀጉር ነቅላችሁ ውፍረቷን ሺህ ቦታ ብትሰነጥቁት፣ ስንጣሪው ከእነሱ ይወፍራል። አንቲባዮቲክ ወደ ባክቴሪያው የሚገባው በታወቀ በር ነው፤ ባክቴሪያው በሩን መዝጋት ከተማረ መድኃኒቱ ውጪ ይቀራል። እነዚህ ቅንጣቶች ግን ከሁሉም አቅጣጫ ይወርሩታል፤ በር አይፈልጉም፣ ግድግዳውን ነው የሚያፈርሱት።

ይህን የማየው ባክቴሪያ በረጋ ምግብ ላይ በሚበቅልበት የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ነበር። የሳህን ላይ ነገር መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ዕለት የወንድሜ ሚስት ይታይሽ ደወለች።

«ትርንጎ፣ ወንድምሽ ሆስፒታል ገብቷል» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«እግሩን ነው። ያ የጋሪው ነገር።»

«የትኛው የጋሪው ነገር?»

ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጤፍ ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ፈረሱ ከባጃጅ ደንብሮ፣ ጋሼ ሊያቆመው ሲወርድ የጋሪው ብረት የቀኝ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቀዶታል። ለእኔ እንዳይነገረኝ ብሎ ከልክሏል። «ትማርበት፣ አታሳስቧት» እያለ ሦስት ሳምንት በጨርቅ አስሮ ሠርቶበታል።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድኩ። የወንዶቹ ክፍል በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ጋሼ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ እግሩን በብርድ ልብስ ሸፈነ።

«ማን ነው የነገረሽ?» አለና ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት።

«እንዲህ ሆነህ ዝም ትላለህ ጋሼ?»

«ምን ሆንኩ? ጭረት ናት።»

ጭረት አልነበረችም። እግሩ እስከ ባቱ አብጦ ያብረቀርቃል፤ ቁስሉ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል። አጥንቱ ነበር። ሐኪሙ ዶክተር ምኒችል በእኔ ዕድሜ የሚገኝ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ቀዶ ሐኪም ነው። ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ።

«አራት ቀን መርፌ ሰጥተነዋል። ቀይረን ሁለተኛም ሞክረናል። አልመለሰም» አለኝ። «ባሕር ዳር ልልከው ነበር፣ መንገዱን ግን ታውቂዋለሽ።»

በዚያ ሰሞን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። የጸጥታውን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልገባበትም።

«ናሙና ልውሰድ?» አልኩት። «እኛ ጋ ማሳደግ እንችላለን። የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘው እናውቃለን።»

«ብትወስጂልኝ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ያን የሚሠራ ላብራቶሪ የለንም። ግን ፍጠኚ። እስከ ዓርብ ካልተመለሰ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ። ከጉልበት በታች።»

«መቁረጥ?»

«ጀርሙ አጥንት ገብቷል፤ ወደ ላይም እየወጣ ነው። ከጉልበት በታች ከሆነ ሰው ሠራሽ እግር ያስገባል፣ ጋሪው ላይም ይወጣል። ጉልበቱን ካጣ ግን ሌላ ነው።»

ከቁስሉ በጥጥ ናሙና ወስጄ፣ በበረዶ ከብቤ፣ ያን ዕለት ሳይመሽ እንጅባራ ተመለስኩ። ሳህኑ ላይ ዘራሁት። ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው እንደ ወርቅ ብናኝ ቢጫ ሆኖ በቅሏል። በየሰው ቆዳ ላይ ሳይቀር የሚኖር፣ ቁስል ሲያገኝ ግን የሚከፋ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከእሱ ቆንጥሬ በሌላ ሳህን ላይ አሰራጨሁት፤ በላዩ ላይ በየመድኃኒቱ የተነከሩትን ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ደረደርኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከገደለው በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል። ካልገደለው ባክቴሪያው ወረቀቱ ድረስ መጥቶ ይቆማል።

ሳህኑን ልዘጋ ስል ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ የረጋው ምግብ ዳር ላይ አንድ ቀዳዳ በስቼ የእኔን የብር ቅንጣት ጠብ አደረግሁበት። ለጥናቴ ሁሌም የማደርገው ነው። በዚያ ቀን ግን ለጥናት ብዬ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ሳህኑን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። የመጀመሪያው ወረቀት፣ ምንም የለም። ሁለተኛው፣ ምንም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው… ባክቴሪያው እላያቸው ላይ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ካሉን መድኃኒቶች ሁሉ አንዱም አልነካውም። ዳር ላይ ግን፣ የእኔ ጠብታ ባረፈበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ጥርት ያለ ባዶ ክብ አለ። በማስመሪያ እንኳን አልለካሁትም። ሳህኑን በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኜ ስልኬን አነሳሁ።

«ጋሼ! አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«የሚገድለውን! ቁስልህ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መድኃኒት ሁሉ አቅቶታል፤ እኔ የሠራሁት ግን ገደለው። በዓይኔ እያየሁት ነው!»

ሲያለቅስ ሰማሁት። ወንድሜ አባታችን ሲቀበር እንኳን ሰው ፊት አላለቀሰም።

«እኔ አላልኩም?» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ላሉት ሰዎች ነው። «እህቴ ናት። ያስተማርኳት እህቴ ናት። መድኃኒቱን ራሷ ሠራችው!» ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «መቼ ታመጪልኛለሽ?»

«ጋሼ…» ስል ተቋረጠ።

ኔትወርክ ጠፋ። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፤ «ገና መድኃኒት አይደለም ልለው ስል ኔትወርክ ጠፋ።» እውነት ነው፣ ጠፍቷል። ግን ከመጥፋቱ በፊት እሱ ሲያለቅስና «እህቴ ናት» ሲል፣ እኔ አፌን ዘግቼ የሰማሁባቸው ብዙ ሰከንዶች ነበሩ። ሰማኋቸው፤ ጣፈጡኝ። እዚህ ላይ ለእናንተ መዋሸት አልፈልግም።

ሳህኑን ይዤ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ሮጥኩ። አዛውንት መምህር ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሳህኑን አገላበጡትና ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ናሙናው ከየት ነው?»

«ከወንድሜ እግር ነው ዶክተር። ቁስሉ ላይ ቢደረግለትስ?»

ፈገግታቸው ጠፋ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ትርንጎ፣ ይህንን በአይጥ ላይ እንኳን አልሞከርነውም። ደም ውስጥ ቢገባ ኩላሊቱን ምን እንደሚያደርገው አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ለወንድምሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም» አልኩ።

ዋሸሁ። ለእሳቸው የዋሸሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። መናኸሪያ ወረድኩ። መኪና የለም። «መንገድ ተዘግቷል፤ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ የሚያልፍ የለም» አሉኝ። ቅዳሜም ሄድኩ፤ የለም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ፤ ይኼኔ ቀዶ ሕክምናው አልቋል፣ ከጉልበት በታች ነው፣ ይተርፋል እያልኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው ሁሉ ከዳንግላ የመጣ አለ ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። የመጣ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ተነሳ። ከመሳፈሬ በፊት ቤተ ሙከራ ገብቼ ከማቀዝቀዣው ትንሽ ጠርሙስ አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አላደርግበትም ብዬ ነበር። አደርግበታለሁም ብዬ ነበር። ሁለቱንም እያልኩ ነው ዳንግላ የደረስኩት።

ይታይሽ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ሦስት ቀን እዚያው በር ላይ ስትጠብቀኝ እንደነበረች በኋላ ነው የሰማሁት። እጄን አፈፍ አድርጋ ቦርሳዬን አየችው።

«ይዘሽዋል?»

«ምኑን?» አልኳት፤ እያወቅሁ።

«መድኃኒቱን ነዋ! አልቆረጥም ብሎ ያንቺን እየጠበቀ ነው።»

ክንዷን ያዝኩ።

«አልተቆረጠም? ቅዳሜ አልተቆረጠም?»

«ወረቀቱን አልፈርምም አለ። ‹እህቴ መድኃኒት አግኝታለች፣ ይዛልኝ ትመጣለች› አላቸው። ሽማግሌ ቢላክበትም እሺ አላለም።»

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሽታው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። የጋሼ ፊት ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይንቀጠቀጣል። ግን ሲያየኝ ሳቀ። ጎኑ ላይ ለተኛው ሽማግሌ፣ «ይቺውና! አልነገርኩዎትም?» አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ዶክተር ምኒችል ከኋላዬ ገባ። «ትርንጎ፣ አንዴ ነይ» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሲቆም ያ ዝግ ያለ ድምፁ የለም።

«ምንድን ነው የነገርሽው?»

ነገርኩት። ሳህኑን፣ ክቡን፣ ሁሉንም። ጠርሙሱንም አውጥቼ አሳየሁት።

«በረኪናም ሳህን ላይ ይገድላል» አለኝ። «እሳትም ይገድላል። በሰው አገር በብር የተነከረ ፋሻ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተፈትኖ፣ ተመዝኖ የወጣ ነው። እሱም ቢሆን ለላይ ቁስል ነው። የዚህ ሰው ጀርም አጥንት ውስጥ ነው፣ አሁን ደግሞ ደሙ ውስጥ። ይህን ጠርሙስ እላዩ ላይ ብታፈሺው አጥንቱ ጋ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ግቢና ንገሪው እንግዲህ። እኔን አልሰማኝም። ዛሬ ካልፈረመ ነገ የምፈልገው ፊርማ አይኖርም።»

ከአንዲት ነርስ ጋር አብሮኝ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ እጁን ዘረጋ፤ እንደ ልጅ፣ መዳፉን ከፍቶ።

«በይ አምጪው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ስማኝ። እሱ ነገር ገና ነው። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«እኔ ላይ ሞክሪው።»

«ሊጎዳህ ይችላል።»

«ከዚህ በላይ?» አለና ብርድ ልብሱን ገለጠው። ጥቁረቱ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ወደ ጉልበቱ እየተሳበ ነው። ዓይኔን መለስኩ። «ስትማሪ ‹ጋሼ ባክቴሪያ እገድላለሁ› ስትዪኝ ሰው ላይ የማይደረግ ነው አላልሽኝም።»

ዶክተሩ ጣልቃ ገባ። «ጋሽ አለኸኝ፣ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ምን መድኃኒት ወስደዋል? ስንት ጊዜ ጠየቅሁዎት። አሁን እህትዎ ባለችበት ይንገሩኝ። ጀርሙ መድኃኒት ሁሉ የተላመደው ከየት ነው?»

ጋሼ ብርድ ልብሱን መልሶ እግሩ ላይ ሳበ። ይታይሽ ናት ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ያወጣችው። «ቤት ያለውን አምጪ ብለውኝ አምጥቼው ነበር» አለች፤ አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

ክኒኖች። ቀይና ቢጫ እንክብሎች፣ ግማሹ የተወሰደ፣ ግማሹ የተረፈ። ሁሉም በትንንሽ የመድኃኒት ፖስታ ውስጥ ናቸው። ፖስታዎቹ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። «ጥርስ»። «የእጅ ቁስል»። «ጉንፋን»። አንዱ ላይ፣ «ለፈረሱ፣ አራት በውሃ በጥብጠህ»።

ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

መድኃኒት ቤት በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ጋሼ ራሱን ባመመው ቁጥር፣ ጥርሱን በቆጠቆጠው ቁጥር፣ ፈረሱ በቆሰለ ቁጥር እኔ ነበርኩ የምሰጠው። ያለ ሐኪም ወረቀት። ሦስት ቀን ሲሻለው ያቆማል፣ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። እኔ ስሄድም አላቋረጠም፤ ከዚያው መድኃኒት ቤት «እህቴ የምትሰጠኝን ስጡኝ» እያለ ይገዛ ነበር። እግሩ ከተቀደደ ዕለት ጀምሮም ከእነዚህ ፖስታዎች እያነሳ ነው ሦስት ሳምንት የዋጠው። እስከ ዛሬ ያ ባክቴሪያ በእኔ ክኒን ነው የተላመደው ብዬ መማል አልችልም። ከፈረሱ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ሰው፣ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሳህን ላይ ይህን የሚያሳይ ክብ የለም። ግን ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ዶክተር ምኒችል አንድ ፖስታ አንስቶ አነበበው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። የገባው ይመስለኛል። ፖስታውን መልሶ አስቀመጠው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ወደ አገውኛ ዞረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልባችን ሲነካ የምንነጋገረው በእሱ ነው።

«ትርንጎ፣ እነዚህን ስትሰጪኝ መድኃኒት ናቸው ብለሽኝ ነበር። ነበሩ። ይሄስ? አባታችን አፈር ውስጥ ነው፤ በእሱ ማዪልኝ። ቦርሳሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቋንቋውን ያውቃል፤ ዶክተሩና ነርሷ ብቻ ናቸው ያልገባቸው። ሁሉም ያየኛል። ያ ሽማግሌም ያየኛል። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው፤ ሕይወቴን የሚቀይር ይመስለኝ የነበረ።

«አይደለም» አልኩ። «መድኃኒት አይደለም ጋሼ።»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

«ታዲያ ለምን ደወልሽልኝ?»

መልሱን አሁንም ስጽፍ እየፈለግሁ ነው።

ወደ ዶክተሩ ዞሮ በአማርኛ፣ «ወረቀቱን አምጣው» አለ።

ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ነው፤ ስሙን አሳምሮ ይጽፋል። ያን ቀን እጁ ስለተንቀጠቀጠ ነርሷ ጣቱን በቀለም ነክራ አስፈረመችው። ሲወስዱት ይታይሽ አልጋውን ይዛ እስከ በሩ ተከተለችው። እኔ ፖስታዎቹን ሰብስቤ ወደ ፌስታሉ መለስኩ፤ ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር ስላልነበረ።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ዶክተር ምኒችል ወጣ። ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«ተርፏል» አለ።

ይታይሽ መሬት ላይ ወድቃ አመሰገነች። እኔ አልወደቅሁም። የምጠይቀውን አውቅ ነበር።

«የት ላይ ነው?»

«ከጉልበት በላይ።»

«ቅዳሜ ቢሆን ኖሮስ?»

ቆቡን እጁ ላይ አገላበጠው። «ይህን ባትጠይቂኝ ጥሩ ነበር» አለኝና ሄደ።

ጉልበት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር መሆኑን ያኔ ነው ያሰብኩት። ጋሪ ነጂ ያለ ጉልበት ምንድን ነው? ጋሪው ላይ የሚወጣው፣ ፈረሱ ሲደነብር ተወጥሮ ልጓም የሚይዘው በጉልበቱ ነው። ፈረሱን ለጫግኒ ሰው ሸጡት። ጋሪው ደጃፍ ላይ ተገትሮ ዝናብ ሲመታው ከረመና እንጨቱ ሲበሰብስ ይታይሽ ፈልጣ አነደደችው። አሁን ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች። ከእኔ የሚላከውን ገንዘብ ትቀበላለች። እሱ አይቀበልም፤ እሷ ስትቀበል አላየሁም ይላል።

የእኔ ነገር ደግሞ ተሳካ። ጥናቴን አቀረብኩ። ያ ሳህን በትልቁ ግድግዳ ላይ በምስል ታየ፤ ካሉን መድኃኒቶች ሁሉ ያመለጠውን ባክቴሪያ የእኔ ቅንጣቶች ሲገድሉት። ፈታኞቹ አመሰገኑኝ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። አንዱ ፈታኝ «ናሙናው ከየት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ከአንድ ታካሚ» አልኩ። እንደዚያ ነው የሚባለው፤ ስም አይጠራም። ጭብጨባው ሲያልቅ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ሥራዬን አልተውኩትም። ብተወው ለወንድሜ እግር አይሆንለትም፣ ለሌላውም መድኃኒት አይሆንም። አይጥ ላይ መሞከር ጀምረናል። አንዳንዱ ውጤት ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ የአይጦቹን ጉበት ጎድቷል። ዶክተር ምኒችል ልክ ነበር። አማካሪዬም ልክ ነበሩ። ያን ጠርሙስ ቁስሉ ላይ ባፈስሰው ኖሮ ወንጀል በሆነ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሰው ልክ በመሆን ብቻ የሚድን ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከአልጋችሁ ሥር፣ ከመሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ፌስታል አውጥታችሁ እዩት። የተረፈ ክኒን አለ አይደል? የሰጣችሁ ሰው የሚወዳችሁ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ወንድሜን እወደዋለሁ። የሰጠሁት ስለምወደው ነው፤ የደወልኩለትም ስለምወደው ነው። ፍቅር ባክቴሪያ አይገድልም፤ አንዳንዴ ይቀልበዋል። ደግሞ እንደኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ሳህን ላይ ባዶ ክብ ስታዩ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው «ሳህን» የሚለውን አይደለም፤ «አገኘሁት» የሚለውን ብቻ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ዳንግላ እሄዳለሁ። ጋሼ አያባርረኝም። «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል እናወራለን። ይታይሽ ሙቅ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና፣ «ትርንጎ፣ ውጪ» ይላል። በዓይን የማይታየውን ሁሉ አጉልቼ የማየው እኔ፣ የወንድሜን የተቆረጠ እግር እስከ ዛሬ አላየሁትም። እወጣለሁ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ እስኪጠሩኝ ድረስ ደጅ ላይ እቆማለሁ።